መልስ፦ ጽሞናው ሲደርቅብህ

«ለ6 ወር በየማለዳው በጽሞና ተቀመጥኩ፣ ምንም አልተሰማኝም፤ መንገዱን ስቼ ይሆን?» ብለሃል። አልሳትክም ወንድሜ። ይሄ ድርቀት የቆየ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤዋግሪስ ጽፎበታል፦ መነኩሴው ቀኑ 50 ሰዓት ያህል ይረዝምበታል፤ ብቅ እያለ ፀሐይዋን ያያል፤ 9 ሰዓት አልደርስ ይለዋል። ምክሩ አጭር ነው፤ በዓትህን ጥለህ አትውጣ።

እኔም ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሆኜ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ የማስበው ስልኬን ነው። የጠቀመኝ ሰዓቱን ማሳጠር ሆነ፤ 10 ደቂቃ ብቻ፣ ግን አንድም ቀን ሳይዘለል። ስሜት ማሳደዱን ተወው። ይልቅ ከቤተሰብህ ጋር ስትጋጭ ንዴትህ ከበፊቱ ቶሎ ይበርድ እንደሆነ አስተውል። እኔ ላይ ለውጡ መጀመሪያ የታየው እዚያ ነው፤ ያስተዋለችውም እህቴ ነበረች።