«ራጅ የተነሣ» ዘለላና «ትኩስ» ጋዝ

ጥያቄ፦ በአንድ መጽሔት ላይ «የፐርሴየስ የጋላክሲዎች ዘለላ በሕዋ ቴሌስኮፕ ራጅ ተነሣ፤ ትኩስ ጋዝም ታየበት» የሚል አነበብሁ። ጓደኛዬ «ራጅ የሆስፒታል ቃል ነው፤ ለሰማይ አይሆንም» ይላል። እኔን የጎረበጠኝ ግን «ትኩስ» የሚለው ነው። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ እርስዎ ልክ ነዎት። ጓደኛዎ ስሕተቱ ያለበትን ቦታ አይተዋል፤ ጥፋተኛው ቃል ግን ሌላ ነው።

ውሃ ሙቅ ይሆናል፣ አገር ሞቃት ይሆናል፣ ሻይ ይፈላል፣ ምጣድ ይግላል። «ትኩስ» ከእነዚህ ይለያል፤ ከሙቀት ይልቅ ጊዜን ይናገራል። ትኩስ እንጀራ አሁን ከምጣድ የወጣ ነው፤ ትኩስ ወሬ አሁን የተሰማ ነው፤ ትኩስ ሥጋ እሳት ሳይነካው ትኩስ ነው፣ አሁን ታርዷልና። በቃሉ ውስጥ «ካልፈጠኑ ይቀዘቅዛል» የሚል አለ።

በፐርሴየስ ጋላክሲዎች መካከል የሞላው ጋዝ ሙቀቱ በአሥር ሚሊዮኖች ዲግሪ ይቆጠራል። እጅግ ስስ በመሆኑ ሙቀቱን ቶሎ አይጥልም፤ በዘለላው ዳርቻ ያለው ለመቀዝቀዝ ከዩኒቨርስ ዕድሜ፣ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት፣ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። መሐል ላይ ያለው ጠቅጠቅ ያለ ስለሆነ እስካሁን መቀዝቀዝ ነበረበት። ሆኖም የመካከለኛው ጋላክሲ ጥቁር ጉድጓድ ኃይል እየረጨ መልሶ ያሞቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የመጠቀው የሕዋ ቴሌስኮፕ ቻንድራ በጋዙ ውስጥ የተቦረቦሩትን ባዶ ስፍራዎችና በዙሪያቸው የተዘረጋውን ሞገድ አሳይቷል። እንዲህ ያለውን ጋዝ «ትኩስ» ማለት አንባቢን ማሳሳት ነው። «የፈላ»ም አይሆንም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓኑ ሳተላይት ሂቶሚ ሲለካው የመሐሉ ጋዝ የሚናጠው በሰከንድ 164 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ ለዚያ ሙቀት ይህ እርጋታ ነው።

«የጋለ ጋዝ» እንበል። የጋለ ብረት ከራሱ ያበራል፤ መጀመሪያ ይቀላል፣ ግለቱ ሲበረታ ይነጣል። ጋዙ ደግሞ ከዚያ ሁሉ አልፎ የጋለ፣ ዓይን ወደማያየው ጨረር የተሻገረ ነው። ያ ጨረር ራጅ ነው።

እዚህ ላይ ለጓደኛዎ መልስ አለኝ። «ራጅ» ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ «ራጂ» ጨረሮች ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ ለሰማይ ባዕድ አይደለም፤ ሆስፒታል ገብቶ የፎቶ ስም የሆነው እኛ ዘንድ ነው። ስሕተቱ «ተነሣ» የሚለው ግሥ ላይ ነው። ሰው ራጅ ሲነሣ መሣሪያው ከአንድ ወገን ጨረር ይልካል፣ አካሉ ያግደዋል፣ ከወዲያ የሚቀረው ጥላ ነው፤ አጥንት በፊልሙ ላይ ነጭ የሚሆነው ጨረሩ ስላልደረሰ ነው። ከፐርሴየስ ጀርባ ግን ጨረር የሚልክ መሣሪያ የለም። ጨረሩን የሚያወጣው ጋዙ ራሱ ነው፤ በቻንድራ ምስል ላይ የደመቀው ጨረሩ የመጣበት ስፍራ ነው። «ራጅ ተነሣ» ሲባል አንባቢው የታካሚ ምስል ይመጣበታል፣ ነገሩም ይገለበጥበታል።

ቴሌስኮፑ ወደ ሕዋ የሚወጣውም ይህን ጨረር ከባቢ አየር ስለሚያስቀረው ነው። ከዘለላዎች የሚመጣውን ራጅ በስፋት ያሳየችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 1970፣ በኬንያ የነጻነት በዓል ዕለት፣ ከኬንያ የባሕር ጠረፍ መጠቀች። ስሟም በስዋሂሊ «ኡሁሩ»፣ ነጻነት፣ ተባለ። የጎረቤታችን ቋንቋ በሥነ ፈለክ ታሪክ ውስጥ መግባቱ ባነሣሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ዓረፍተ ነገሩን እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «በፐርሴየስ ዘለላ ጋላክሲዎች መካከል ያለው የጋለ ጋዝ በሚያወጣው የራጅ ጨረር ታየ።» «ራጅ ጨረር» ድግግሞሽ ነው የሚሉኝ ይኖራሉ፤ ጣልያንኛ ለሚያውቅ አዎን። በአማርኛ ግን «ራጅ» ብቻውን ፎቶውን ስለሚያስታውስ፣ «ጨረር» መጨመሩን እመርጣለሁ።