አንዱ ገጽ ብቻ ከፈጠነ ቺንጋውን አይንኩት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «የጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹን የማይልስ ዴቪስን ‹ካይንድ ኦፍ ብሉ› አሮጌ ሸክላ ከብዙ ፍለጋ በኋላ አገኘሁ። በድጋሚ የታተመውም አለኝ። እያፈራረቅኩ ሳዳምጣቸው የአሮጌው አንደኛ ገጽ ድምፁ ቀጠን፣ አካሄዱም ፈጠን ይልብኛል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ልዩነት አይሰማኝም። ማጫወቻዬ ተበላሽቶ ይሆን? ቺንጋውን ልቀይረው? ወይስ የተበላሸ ሸክላ ነው የሸጡልኝ?»

ጆሮዎ ልክ ነው። ማጫወቻዎም ጤነኛ ይመስለኛል። ሸክላውም አልተበላሸም፤ ሲታተም ጀምሮ እንዲያው ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንዲህ እናስበው። ሞተር፣ ቺንጋ ወይም ማዞሪያው ሳህን ሲያስቸግር ገጽ አይመርጥም። የትኛውንም ሸክላ ቢያስቀምጡበት ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል። እርስዎ ግን ችግሩ በአንድ ሸክላ፣ ያውም በአንድ ገጽ ብቻ ነው ያሉኝ። ይህ የማሽን ጠባይ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ያጣሩ። ቆሞ የከረመ ሞተር ቅባቱ ስለሚጠጥር መጀመሪያ ላይ ይጎተታል፣ ሲሞቅ ይስተካከላል። ስለዚህ ነገ ማጫወቻውን እንደከፈቱ በሁለተኛው ገጽ ይጀምሩና አንደኛውን ቀጥሎ ይስሙት። ውጤቱ ያው ከሆነ ሞተሩ ነፃ ነው።

እንዲያም ሆኖ መለካት ጥሩ ነው። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የእንዲህ ያለ ሸክላ ፍጥነት በደቂቃ 33⅓ ዙር ነው፤ ይህም በ3 ደቂቃ ልክ 100 ዙር ማለት ነው። ከሸክላው መሐል ካለው ወረቀት ጠርዝ ላይ ትንሽ ምልክት ይለጥፉ። መርፌውን ያሳርፉ፤ መርፌው ሲያርፍ ትንሽ ስለሚጎትት ባዶውን ሲሽከረከር የሚለኩት አያስተማምንም። ከዚያ የስልክዎን ሰዓት ይክፈቱ። ምልክቱ መጀመሪያ ሲያልፍ «ዜሮ» ይበሉ እንጂ «አንድ» እንዳይሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መቶኛው ዙር 180ኛው ሰከንድ ላይ ከወደቀ ፍጥነቱ ልክ ነው። 178 ላይ ከጨረሰ ከ1 ከመቶ ትንሽ በላይ ይፈጥናል። ጣትዎ በግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ እንኳ ስህተቱ ከ0.3 ከመቶ አይበልጥም። ገጹ ሲጀምርና ሊያልቅ ሲል ሁለቴ ይለኩት።

አሁን ወደ ሸክላው እንምጣ። ታሪኩን ብዙ ጊዜ ባወራውም አልሰለቸውም። የአንደኛው ገጽ ሦስት ሥራዎች የተቀዱት እ.ኤ.አ. መጋቢት 2 ቀን 1959፣ ኒው ዮርክ በነበረው የኮሎምቢያ ሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ የ30ኛ ጎዳና ስቱዲዮ ነው። በዚያ ቀን ዋናው የቴፕ መቅረጫ ትንሽ ዘግይቶ ይዞር ነበር። ዘግይቶ የተቀዳ ቴፕ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል፣ ድምፁም ወደ ላይ ይወጣል። ሁለተኛው ገጽ በሚያዝያ 22 ሲቀዳ ይህ ችግር አልነበረም። ሸክላው በዚያው ዓመት ወጣ። ስህተቱም እስከ 1992 ድረስ ከእትም እትም አብሮ ተጓዘ። የተስተካከለው እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ለመጠባበቂያ ጎን ለጎን በሌላ ማሽን የተቀዳ ቴፕ ስለነበረ ነው። ያኛው ማሽን ልክ ይዞር ነበር።

እኔ ራሴ ይህን ሸክላ መጀመሪያ ሲያመጡልኝ ሞተር ፈትቼ፣ ዘይት ቀይሬ፣ መልሼ ገጥሜያለሁ። ምንም ለውጥ አላመጣም። ነገሩን የገለጠልኝ ፒያኖው ነው። ፒያኖ መሐል ላይ ቅኝቱን አይቀይርም። በደንብ የተቃኘ ኪቦርድ አጠገብዎ ካለ ከመጀመሪያው ሥራ ጋር አብረው ይጫኑ፤ አሮጌው ላይ ከቁልፎቹ ድምፅ ከፍ ሲል ይሰሙታል። በአዲሱ ይገጥማል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ለእኔ ለአንደኛው ገጽ የተስተካከለው ይሻላል። ባሱ ተረጋግቶ ይቀመጣል፣ የሳክስፎኖቹም ድምፅ ይሞላል። ግን በድጋሚ የታተመ ሁሉ ተስተካክሏል ማለት አይደለም፤ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። አሮጌውንም እንዳይሸጡት። ያኔ ሰው የሰማው ድምፅ ያ ነው፣ ብዙ ሙዚቀኛም አብሮ እየተጫወተ የተማረው በዚያ ነው። ሽፋኑ ላይ ሲኤል (CL) 1355 ካለ ሞኖ ነው፣ ማለትም ከሁለቱም ድምፅ ማጉያ አንድ ዓይነት ድምፅ ይወጣል፤ ሲኤስ (CS) 8163 ካለ ስቴሪዮ፣ የግራና የቀኙ ድምፅ የተለያየ ነው። ሞኖ ከሆነና አምፕሊፋየርዎ የሞኖ ቁልፍ ካለው ይጫኑት። የሞኖ ቅጂ ሙዚቃው ያለው በመርፌው የጎን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚነጥረው አብዛኛው የአቧራና የጭረት ጫጫታ ስለሆነ ቁልፉ ያንን ያጠፋዋል።

ሁለቱን ሲያወዳድሩ ደግሞ መጀመሪያ ሁለቱንም ይጠቡ። ከዚያ የድምፃቸውን ጉልበት ያስተካክሉ። ጎላ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ጆሮ በዚህ በቀላሉ ይታለላል። የአዲሱ ሸክላ ውፍረት መርፌውን የያዘውን ክንድ ከፍታ ትንሽ ይቀይረዋል፣ ግን ለዚህ ብለው ክንዱን በየጊዜው እንዳይነካኩት።

ማጫወቻዎ የፍጥነት ማስተካከያ ካለው አሮጌውንም በትክክለኛ ቅኝቱ መስማት ይችላሉ። ከአዲሱ ወይም ከኪቦርዱ ጋር እያስተያዩ፣ እስኪገጥም ድረስ ቀስ አድርገው ዝቅ ያድርጉት። ሸክላውን ወደ ሁለተኛው ገጽ ሲገለብጡ ግን ማስተካከያውን ወደ ዜሮ ይመልሱት።