የሚያሰጋው የቀለሙ ሽታ ነው ወይስ የበሩ አቧራ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው አዳማ ነው። የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የ2 ዓመት ሴት ልጅም አለችኝ። ቤታችን የቆየ ስለሆነ ከመውለዴ በፊት ባለቤቴ በሮቹን፣ የመስኮት መቃኖቹንና ዞኮሎውን በዘይት ቀለም ሊቀባ ተነስቷል። ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱን በሮች በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ጨርሷል። እኔን ያስጨነቀኝ የቀለሙ ሽታ ነው። ጎረቤቶቼ «ወተት ጠጪበት፣ ያጥበዋል» ይሉኛል። ጽንሱን ይጎዳው ይሆን?

መልስ፦ በሰላም ይገላግልዎ። ስለ ሽታው መጨነቅዎ ልክ ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰው ያለፉት ነው፤ ቅዳሜ የተፋቀው በር።

በቆዩ ቤቶች በርና መስኮት ላይ ያለ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። እርሳስ ስል የተማሪ መጻፊያውን አይደለም፤ እሱ ውስጥ ስሙ እንጂ ብረቱ የለም። ሊድ የሚባለውን ከባድ ብረት ማለቴ ነው። ቀለሙ እንዲደምቅና ቶሎ እንዲደርቅ ይጨመርበት ነበር። በአገራችን በአንድ ኪሎ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊግራም በላይ እንዳይኖር የሚያዘው ደንብ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ በር ምን እንደያዘ በዓይን አይለይም።

ቀለሙ በሩ ላይ እንደተጣበቀ ቢቀመጥ ብዙም ችግር የለውም። ጉዱ የሚመጣው በደረቁ ሲፋቅ ነው። እንደ ዱቄት ይደቅና ወለሉ ላይ ያርፋል። ልጅዎ ወለሉን ትዳስሳለች፣ ጣቷን ትጠባለች፤ አለቀ። ትንሽ ልጅ ከዋጠችው እርሳስ ወደ ሰውነቷ የሚገባው ከትልቅ ሰው 4 እና 5 እጥፍ ይሆናል። አንጎሏ ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ጉዳቱ እዚያ ላይ ይበረታል። ከእናት ደምም በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንስ ያልፋል። ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው፤ ብዙ ጊዜ ምልክት አይሰጥም።

ሲፋቅ መስኮት መክፈት ይበቃል እንዳይሉ። የአዳማን ንፋስ እርስዎም ያውቁታል፤ ሳሎን ያስቀመጡት ወረቀት ጓዳ ነው የሚገኘው። አቧራውም እንደዚያው ቤቱን ያዳርሳል።

የቀሩትን በሮች ባለቤትዎ ከማጠፊያቸው ነቅሎ ልጆች ከማይጫወቱበት ቦታ ያውጣቸው። በውሃ እያራሰ ይፈቅፍቅ፤ ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት አለ። ዞኮሎው አይነቀልምና እዚያው እያረጠበ ይሥራው፤ የክፍሉም በር ይዘጋ። ቀለሙን በእሳት አቃጥሎ ማላቀቅ ጭራሽ አይሞከርም። በነጠላ ወይም በሐኪም ቤት ስስ ማስክ አፍንጫን መሸፈንም እንዲህ ያለውን ደቃቅ አያስቆምም። እርስዎና ልጅዎ እነዚያን ቀናት ዘመድ ቤት ይሁኑ። የሥራ ልብሱ ለብቻው ይታጠብ። ወለሉን አይጥረጉት፤ መጥረጊያ አቧራውን መልሶ ያነሳዋል። በሳሙና በተነከረ ጨርቅ፣ ውሃውን ደጋግሞ እየቀየረ ይወልውል። ይህን ግን እርስዎ አይሥሩት።

የቅዳሜውስ? አይደንግጡ፣ አንድ ቀን ነው። ቤቱ ዛሬውኑ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። በሚቀጥለው የእርግዝና ክትትልዎ ላይ ይንገሩና ልጅዎም ትታይ። በደም ውስጥ ያለ እርሳስ የሚለካበት ምርመራ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ የት እንደሚላኩ ሐኪምዎ ይወስናል። የተሰጠዎትን የአይረን ኪኒን አያቋርጡ፤ አይረን ሲያንስ ሰውነት እርሳስን ይበልጥ ይስባል።

አሁን ወደ ሽታው። ራስ የሚያሳምመውና የሚያቅለሸልሸው ቲነሩ ነው። በአጠገቡ ማለፍ ያን ያህል አያስፈራም፤ እዚያው ክፍል መተኛት ግን ይቅርብዎ። ሽታው እስኪጠፋ ሦስት አራት ቀን ይታገሱ። ያ ስናማው የነበረው ንፋስ እዚህ ላይ ይመሰገናል፤ መስኮቱን ወለል ያድርጉለት። ሽታውን ለማጥፋት ተብሎ ከሰልና እጣን ግን አይቅረብ፣ የቲነር ትነት እሳት ይይዛል። በውሃ የሚቀጥን የእንጨት ቀለም ካገኛችሁ ደግሞ ግማሹ ጣጣ ይቀራል።

ወተቱን ለጤናዎ ይጠጡት። ካልሲየም በበቃው ሆድ እርሳስ በቀላሉ አይገባም፤ ጎረቤቶችዎ እዚህ ላይ ትንሽ እውነት ነክተዋል። ሳንባ የገባ ሽታ ግን በወተት አይታጠብም።

አንድ ነገር ልጨምር። የተረፈውን ቲነር በሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጣችሁ አልጋ ሥር እንዳታስቀምጡ። ለ2 ዓመት ልጅ ውሃ ነው። ድንገት ከጠጣች አታስመልሷት፣ ወተትም አትስጧት፤ ሲያስመልሳት ወደ ሳንባዋ ይገባል። ጠርሙሱን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።