ስንት ላስገባ ላልሽው እህት

ሚኒ ማርኬት ከከፈትሽ 4 ወርሽ ነው፣ እርጎው ኤክስፓየር እየሆነብሽ ዳይፐር ደግሞ ሰው ሲጠይቅሽ የለም እያልሽ ነው፣ ስንት እንደሚሸጥ በምን ልወቅ ብለሻል። እህቴ እኔ 9 ዓመት ሱቅ ላይ ነኝ፣ ልኩን እስካሁን አላውቀውም። የማየው ቢተርፍ ስንት አጣለሁ፣ ቢያልቅስ ስንት አጣለሁ የሚለውን ነው። እርጎ ሲበላሽብሽ የገዛሽበት ብር ሙሉውን ነው የሚሄደው፣ ቢያልቅብሽ ግን የቀረብሽ የአንዷ ትርፍ ነው፣ ስለዚህ አሳንሰሽ አስገቢ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ቢያልቅም አትደንግጪ። ዳይፐር ግን አይበላሽም፣ ሲያልቅብሽ ደግሞ እናትየዋ ሌላ ሱቅ ሄዳ ወተቱንም ሳሙናውንም እዛው ገዝታ እዛው ትለምዳለች። እሱን በዛ አድርገሽ ያዢ፣ ሁሉንም ቁጥር ግን አይደለም፣ ሰፈርሽ የሚጠይቀውን ቁጥር ብቻ።

የትኛው ቁጥር እንደሆነ የሚነግርሽ ደብተር ነው። የሸጥሽውን ብቻ ሳይሆን "የለም" ብለሽ የመለስሻቸውንም ጻፊ በጣም ነው የምለምንሽ፣ ምክንያቱም 6 አስገብተሽ 6 ከሸጥሽ ፈላጊው 6 ነበር ማለት አይደለም፣ 15 ሊሆን ይችላል፣ ያልጻፍሽው ደግሞ በሁለተኛው ቀን ይረሳል። በቀን 4 የሚሄድ እቃ ከሆነና አከፋፋዩ በ3 ቀን አመጣለሁ ካለሽ 12 ሲቀር ሳይሆን 18 ሲቀር ደውዪ፣ ይዘገያላ።

ጾሙን ደግሞ በወር ስም እንዳታሰይ። 2016 ላይ ሁዳዴ የገባው መጋቢት 2 ነበር፣ 2017 ላይ ግን የካቲት 17 ገባ። እኔ 2017 ላይ የ2016ን የየካቲት ደብተር አይቼ ለወሩ የእርጎ ትዕዛዝ ሰጥቼ ሳላስቀንስ ቀረሁና 2 ካርቶን ሙሉ ደፋሁ፣ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ከዛ ወዲህ ደብተሬ ላይ የምጽፈው "ከፋሲካ 3 ሳምንት በፊት"፣ "የፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት" እያልኩ ነው፣ ረመዳንም በየዓመቱ 10 ወይ 11 ቀን ስለሚቀድም ቴምሩን እንደዛው ነው የማየው።

አዲስ የገባውን ሁሌ ከኋላ ደርድሪ፣ ዴቱ የቀረበው ከፊት ይሁን። አከፋፋይሽንም ዴቱ የደረሰ እቃ ትቀይርልኛለህ ወይ በዪው፣ እሺ ካለሽ እርጎው ላይም ትንሽ ደፈር ማለት ትችያለሽ።