ፓርቲክሉ ሽንኩርት የሆነብህ በሰርፋክታንቱ ነው
የተደራረበ ሞላላ የፖሊመር ፓርቲክል ፈልጌ ሁሌ እንደ ሽንኩርት ክብ ይሆንብኛል ላልከው፣ ችግሩ ፖሊመሩ (የፖሊስታይሪንና የፖሊቫይኒልፒሪዲን ሰንሰለቶች ጫፍ ለጫፍ የተያያዙበት) ሳይሆን ሰርፋክታንቱ (ውሃ ውስጥ ያለውን የፖሊመር ጠብታ ገጽ የሚሸፍነው ነገር) ነው። ፒቪኤ (ፖሊቫይኒል አልኮል፣ አንዱ ሰርፋክታንት) ብቻውን ከሆነ ፖሊቫይኒልፒሪዲኑን ስለሚወደው ወደ ውጭ ይስበዋል፣ ፖሊስታይሪኑ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ንብርብሩም ዙሪያውን ይጠመጠማል።

ሲታብ (CTAB፣ ሌላ ሰርፋክታንት) ጨምርበትና መጠኑን እየቀያየርክ ሞክር፣ የጠብታው ገጽ ለሁለቱም ብሎኮች (የፖሊመሩ ሁለት ክፍሎች) እኩል ሲሆንላቸው ሁለቱም ገጹ ላይ ይወጡና ንብርብሮቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ፓርቲክሉ ራሱ ይረዝማል። ፖሊመሩ የሟሟበት ክሎሮፎርምም ቀስ ብሎ ይትነን፣ ከተቻኮልክ ሰንሰለቶቹ ቦታ ሳይዙ ይደርቃሉ፣ ይሄ በጣም ወሳኝ ነው።

ደግሞ በፒኤች (በአሲድነት መጠን) ለውጥ እንዲያብጥልህ ከፈለክ አሲድ ከመጨመርህ በፊት የፒሪዲኑን ብሎክ ክሮስሊንክ አድርገው (ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ አስተሳስራቸው)። እኔ ዘልዬው ፒሪዲኑ ሲያብጥ ፓርቲክሉ ንብርብር በንብርብር ተለያየብኝ፣ የስንት ቀን ስራ ሄደ።