ስለ ናፍጣ ፈርነስ መጠንና ከተከላ በኋላ መለካት ስላለበት ነገር

እህቴ፣ ያረጀውን የናፍጣ ፈርነስ (ቤት የሚያሞቀውን ማሽን) ልትቀይሪ ነው፤ ባለሙያው «የድሮው በሰዓት 140,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) ነበር፣ ለማንኛውም ትንሽ ከፍ እናድርገው» ብሎሻል፤ ልክ ነው ወይ፣ ምንስ ልከታተል ብለሽ ጠይቀሻል። ማሞቂያ በመትከልና በመጠገን ለዓመታት ሠርቻለሁ። መልሴ አጭር ነው፦ ከፍ አታስደርጊው።

የድሮው ማሽን መጠን ስለ ቤትሽ ብዙም አይናገርም። ያኔም በግምት የተገዛ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ መስኮት ተቀይሮ ወይም ኮርኒሱ ላይ ሙቀት መከላከያ ተጨምሮ ከሆነ ፍላጎቱ ቀንሷል። ትክክለኛው መጠን የሚገኘው ቤቱ በግድግዳ፣ በመስኮት፣ በጣሪያና በየስንጥቁ የሚያጣው ሙቀት ለአካባቢው ከባድ ብርድ ሲሰላ ነው። ስሌቱን በወረቀት አሳየኝ በይው። ካልሠራው ሌላ ሰው ፈልጊ።

መጠኑ የበዛ ፈርነስ ቤቱን ቶሎ ያሞቅና ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይነሳል። የናፍጣ እሳት ጥላሸት የሚያበዛው በሚነሳበትና በሚጠፋበት ቅጽበት ነው። ጥላሸቱ ሙቀት ማስተላለፊያው ላይ ሲጋገር፣ ወደ ቤት መግባት የነበረበት ሙቀት በጭስ ማውጫው ይሄዳል። በዚያ ላይ የአየር ቱቦዎችሽ ያንን ሁሉ ሙቀት የሚሸከም አየር ማሳለፍ ካልቻሉ ብረቱ ከልክ በላይ ይግላል፤ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። እያንዳንዱ ፈርነስ ወደ ውስጥ በሚገባውና በሚወጣው አየር መካከል ሊኖር የሚገባው የሙቀት ልዩነት ሰሌዳው ላይ ተጽፎለታል። ተከላው ሲያልቅ ቴርሞሜትር አስገብቶ ይለካልሽ።

የኖዝሉ፣ ማለትም ናፍጣውን ወደ እሳቱ የሚረጨው አፈሙዝ፣ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኖዝል ላይ የሚጻፈው ቁጥር በ100 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ግፊት በሰዓት የሚረጨው መጠን ነው። በሰዓት 0.75 ጋሎን የሚለው ኖዝል፣ ፓምፑ 140 ላይ ከተስተካከለ 0.89 ገደማ ይረጫል። አንድ ጋሎን ናፍጣ ወደ 138,000 ቢቲዩ ስለሚይዝ፣ ልዩነቱ በሰዓት ወደ 19,000 ቢቲዩ ይጠጋል። ስለዚህ የፓምፑን ግፊት በጌጅ ያልለካ ሰው ፈርነስሽ ስንት እንደሚያቃጥል አያውቅም።

መመለሻው አየር፣ ማለትም ሊሞቅ ወደ ፈርነሱ የሚመለሰው፣ ፈርነሱ ካለበት ክፍል እንዳይሳብ በጣም ተጠንቀቂ። ማራገቢያው ከዚያው ክፍል አየር ከጎተተ ጭሱን ከጭስ ማውጫው መልሶ ሊያወርደው ይችላል፤ መርዛማው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድም በቱቦው በኩል መኝታ ቤት ይደርሳል። የቱቦው መገጣጠሚያ በማስቲክ (በሚቀባ ማሸጊያ) ይደፈን፤ የጨርቅ ቴፕ ደርቆ ይላቀቃል። መኝታ ክፍሎች አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይኑር፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ጭስ ማውጫው የጡብ ከሆነ ሳይመረመር እንዳትቀበዪ። አዲሱ ማሽን ሙቀቱን በደንብ ስለሚጠቀም የሚወጣው ጭስ ይቀዘቅዛል፤ ሰፊና ቀዝቃዛ ጡብ ውስጥ እርጥበቱ አሲድነት ወዳለው ውሃ ተለውጦ ግንቡን ይበላል። ብዙ ጊዜ የማይዝግ ብረት ቱቦ ውስጡ ማስገባት ያስፈልጋል።

ታንኩም የሚቀየር ከሆነ፣ የድሮው መሙያ ቱቦ ከግድግዳው ተነቅሎ ቀዳዳው መደፈን አለበት። ክዳኑን ብቻ አጥብቆ መተው አደጋ ነው፤ ናፍጣ የሚያመጣው ሰው ቱቦውን ከውጭ አይቶ፣ ታንክ የሌለበት ምድር ቤት ውስጥ ሊሞላ ይችላል። እንዲህ ያለ አደጋ ቤት እስከማስለቀቅ ደርሷል፤ ሽታው ከሲሚንቶ ውስጥ በቀላሉ አይወጣም። ናፍጣ የሚያመጣው የመዳብ መስመርም ሲሚንቶ ውስጥ እርቃኑን ከተቀበረ ይበሰብሳልና የፕላስቲክ ልባስ ይኑረው።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ ግን እሳቱ በመሣሪያ እንዲስተካከል ነው። «ቢጫው ጥሩ ነው» ብሎ በዓይን የሚያስተካክል ሰው አትቀበዪ። ጥሩ ባለሙያ ጭሱን በነጭ ወረቀት ስቦ ጥላሸት መኖር አለመኖሩን ያያል። ወረቀቱ ላይ ጭላንጭል ጥላሸት እስኪታይ አየሩን ይቀንስና፣ ከዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አንድ ነጥብ ወይም ትንሽ በለጥ ብሎ እስኪወርድ አየር ይጨምራል። ይህ ትርፍ አየር ኖዝሉ እያረጀ ሲሄድ የሚጠብቅሽ ነው። ብዙውን ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ10 እስከ 12 በመቶ መካከል ያርፋል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የአምራቹ መመሪያ ነው። የጭስ ስበቱም፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ጭሱን ወደ ላይ የሚስብበት ኃይል፣ ይለካ።

አንድ ቀን ፈርነሱ አልነሳ ካለ የሪሴቱን (እንደገና ማስነሻውን) ቁልፍ አንዴ ብቻ ተጫኚ። ደጋግመሽ ከተጫንሽ ያልነደደ ናፍጣ እሳት ክፍሉ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ድንገት ሲቀጣጠል በጣም አደገኛ ነው። ካልነሳ አጥፍተሽ ባለሙያ ጥሪ።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸምሽ በፊት የፓምፑ ግፊት፣ የኖዝሉ ቁጥር፣ የጭሱ ልኬትና የአየሩ የሙቀት ልዩነት በካርድ ተጽፈው ከነቀኑ ፈርነሱ ላይ ይለጠፉ። በየዓመቱ ለጽዳት የሚመጣው ሰው የራሱን ልኬት የሚያስተያየው ከዚያ ካርድ ጋር ነው።