ሥዕሉ የት ጋ እንደሚያልቅ ደብቁት

ሰላም ልጆች፣ ይሄን የምጽፈው ቪአር (ያ ዓይን ላይ የሚታሰረውን መነጽር) ለምትሞክሩት፣ 360 ቪዲዮ ለምትቀርጹት፣ ለሰርግና ለኮንሰርት ኤልኢዲ ስክሪን ለምትደረድሩት ነው። እኔ ዕድሜዬን የቲያትር ዲኮር ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ኮምፒውተር ላይ ትበልጡኛላችሁ እሺ፣ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ብራችሁም እንቅልፋችሁም ምስሉ ላይ ያልቃል፣ ጥራቱ ፎርኬ ነው ኤይትኬ ነው ትላላችሁ፣ ከስክሪኑ ስር ግን ኬብሉ ተዝረክርኮ ጥቁር ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። በቅርቡ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከመድረኩ ጀርባ ባህር አሳዩን፣ ባህሩስ ያምራል፣ ማዕበሉ ግን መጥቶ መጥቶ የብረት ፍሬም ጋ ሲደርስ ቁርጥ ይላል፣ አጠገቡ ደግሞ የእሳት ማጥፊያ ቆሟል። ማን ይመን እንግዲህ?

ይሄን ጣጣ ከ200 ዓመት በፊት አስቦበት የጨረሰ ሰው አለ። ሮበርት ባርከር ይባላል፣ አየርላንድ ተወልዶ ኤድንብራ ይሠራ የነበረ ሰዓሊ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግራችሁ)። በ1787 ዙሪያውን ለሚከብ፣ ሰው መሃሉ ላይ ቆሞ ለሚያየው ግዙፍ ሥዕል ፓተንት (የፈጠራ መብት) አወጣ፣ ፓኖራማ የሚባለው እሱ ነው። ፓተንቱ ውስጥ እኔን የገረመኝ ወሬው ቀለምና ብሩሽ አለመሆኑ ነው። ቤቱ ክብ ይሁን፣ ብርሃን ከላይ ይግባ፣ የሸራው የላይኛው ጫፍ እንዳይታይ ከተመልካቹ በላይ መከለያ ይኑር፣ ሰው እንዳይጠጋና የታችኛው ጫፍም እንዳይታይ መቆሚያው ይታጠር፣ በር ሥዕሉን እንዳይቆርጠው መግቢያው ከስር ይሁን። ሰውየው ያስመዘገበው ጠርዝ መደበቂያ ነው ማለት ይቻላል! በ1793 ለንደን ሌስተር አደባባይ ላይ ለዚሁ ብሎ ቤት አሠራ፣ ሰው እየከፈለ ገብቶ ከተማና የባህር ኃይል መርከብ ያይ ጀመር፣ ፓሪስም ተከተለች፣ በ1880ዎቹ ደግሞ አክሲዮን ሸጠው ሸራ የሚያሠሩ ኩባንያዎች ሁሉ ነበሩ።

ሆላንድ፣ ሄግ የሚገኘውን የሰዓሊውን የሜስዳክን ፓኖራማ በዓይኔ አይቸዋለሁ። 14 ሜትር ቁመት፣ 120 ሜትር ዙሪያ፣ በ1881 ተከፍቶ እስከ ዛሬ እዛው ለሱ በተሠራለት ቤት ውስጥ አለ። የሚያሳየው ስኬቨኒንገን የሚባለውን የአጥማጆች መንደርና ባህሩን ነው። ሜስዳክ አሸዋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ መስታወት ሲሊንደር ውስጥ ቆሞ ዙሪያውን የሚያየውን መስታወቱ ላይ ነደፈ፣ ንድፉን አሳድገው ሸራው ላይ አወጡት። ብቻውን አልሠራውም፣ ሚስቱ ሲንትየ አለችበት፣ ወጣቱ ሰዓሊ ብሬትነር አለበት፣ ሌሎችም፣ በወራት ውስጥ ጨረሱት። ሚስቱን ጭራሽ ባህር ዳር ነጭ ጃንጥላ ስር ቁጭ ብላ ስትስል ሥዕሉ ውስጥ አስገብቷታል።

ስትገቡ መጀመሪያ ጨለም ያለ መተላለፊያ ነው፣ የውጭውን ብርሃን ዓይናችሁ እንዲረሳው ነው እሱ፣ ከዛ ደረጃ ትወጡና ድንገት ባህር መሃል። ከራሳችሁ በላይ መከለያ አለ፣ ስለዚህ ሰማዩ የት እንደሚያልቅ አታዩም። ከእግራችሁ በታች እውነተኛ አሸዋ ተደፍቷል፣ መረብ ምናምን ጣል ጣል ተደርጎበታል፣ እየወረደ ሄዶ ሸራው ጋ ይገናኛል። የት ጋ? ሰው ማታለል ሥራዬ ነው፣ ግን አጥሩን ይዤ ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁትም። ብርሃኑ ደግሞ ከጣሪያው መስታወት የሚገባ የቀኑ ፀሐይ ነው፣ ውጭ ደመና ሲያልፍ የተሳለው ባህር ይጠቁራል፣ ይሄን የትኛው ስክሪን ይሰጣችኋል? ሜስዳክን ያሠራው ኩባንያ በ1886 ከሰረ፣ እሱ ራሱ ገዝቶት ከኪሱ እየደጎመ አቆየው። ሲኒማ ሲመጣ አብዛኞቹ ፓኖራማዎች ጠፍተዋል፣ እሱን አላራዝመውም።

አትላንታ ያላችሁ የሀበሻ ልጆች ሩቅ መሄድ የለባችሁም፣ እዛው አትላንታ ሂስትሪ ሴንተር ውስጥ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የተደረገው የ1864ቱ የአትላንታ ውጊያ ፓኖራማ አለላችሁ፣ በ1886 ሚልዋኪ ውስጥ በአብዛኛው ጀርመኖች የሳሉት። እሱም ላይ በ1930ዎቹ ከሸራው ፊት አፈርና የጄሶ ወታደሮች ጨምረውበታል፣ አንዱ ሬሳ የፊልም ተዋናዩ የክላርክ ጌብል ፊት አለው፣ ቀልድ አይደለም። እንዲህ ያለ ሸራ እንደ መጋረጃ ቀጥ ብሎ አይሰቀልም፣ ከላይና ከታች ሲወጠር ወገቡ ወደ ተመልካቹ ገባ ይላል፣ ሰማዩና መሬቱ ደግሞ ይሸሻሉ፣ ርቀቱ የሚመጣው ከዛ ነው። የአትላንታው ይሄን ቅርጹን አጥቶ ኖሮ በ2019 በአዲሱ ቤት ሲከፈት ነው የተመለሰለት፣ ከጫፉ ተቆርጦ የነበረውም እንደገና ተስሎ ተጨምሮለታል። ሥዕሉ ያው ሥዕል ነው እኮ፣ የተሰቀለበት መንገድ ነው ያበላሸው።

እና ስትሄዱ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ፣ ፎቶ ላይ ጠፍጣፋ ነው የሚሆነው። ጦርነቱንና ጀልባውን ለማየት አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ወደ ላይ መከለያውን እዩ፣ ከዛ ወደ ታች አፈሩና ሸራው የሚገናኙበትን ፈልጉ፣ ከየት ወደ የት ጥላ እንዳጠሉበት፣ የቱን ዕቃ የት እንዳስቀመጡበት ማስታወሻ ያዙ። ሄግ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ደመናው የተቆራረጠበት ቀን ምረጡ።